ጥንዚዛና ሽማግሌ

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ፕሊማውዝ ከተማ ካለው ሥራዬ ስመለስ በደቡብ በኩል ያለው የቤታችን ግድግዳ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። ቀለም የተደፋበት መሰለኝ። ቀርቤ ሳየው ይንቀሳቀሳል። ጥንዚዛ ነው፤ ጀርባዋ ብርቱካን መልክ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ልጆች መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው የሚስቁላት ዓይነት። አንዷን ለብቻዋ ሲያዩዋት ታምራለች። ግድግዳ ሙሉ ስትሆን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጎረቤታችን፣ አሮጊቷ ፈረንጅ፣ አጥሩን ተደግፈው አስረዱኝ። እውነተኛዋ፣ እነሱ ሌዲበግ የሚሏት ጥንዚዛ፣ ሰው ቤት አትገባም አሉ። ይቺኛዋ ከእስያ የመጣች ናት። እርሻ ላይ ተባይ እንድትበላ አስመጧት፤ ሥራዋን ሠርታ በዚያው ቀረች። አኩሪ አተሩ ሲታጨድ ብርዱን የምታሳልፍበት ቤት ትፈልጋለች።

«ክፉ አይደለችም» አሉ። «ግን አንዴ ከገባች አትወጣም።»

ይህን ሲሉ እኔን እያዩ ነበር። አመስግኜ ገባሁ።

ራት ላይ ባለቤቴ ማሚት፣ «ጄሪ ደውላ ነበር» አለችኝ። ኢየሩሳሌምን ማለቷ ነው። ለልጃችን ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሙሉውን የምጠራውም እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን አለች?»

«እሁድ እመጣለሁ፣ የምነግራችሁ ነገር አለኝ አለች።»

የሚነገር ነገር በስልክም ይነገራል።

ጥቅምት 6

ስንጥቅ መድፈኛ ሲሊኮን ገዛሁ። በመስኮቶቹ ዳርና በበሩ ሥር ስንጥቅ ፈለግሁ። ይህን ቤት የሠራው ሰው ቀጥ ያለ መስመር አይቶ አያውቅም። እኛ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ ነው፤ እኔ ጥራቱን እመረምራለሁ። የፀጉር ስንጣቂ የምታህል ጉድለት ካየሁ ይጣላል። እዚህ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ትተው ቁልፍ አስረክበዋል።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

መጣች። ዮሚፍ የሚባል ልጅ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። ማሚት አልደነገጠችም፤ ስለዚህ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው። አባቱ አቶ መርጋ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እናቱ ወይዘሮ ሲፋን ትባላለች፤ የሚኖሩት ሻኮፒ ከተማ ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ይህን ስትል እሷም ማሚትም ፊቴን አዩት። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ ሰውን በቋንቋው መዝኜ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ደግሞ ማንም ስለጠየቀኝ አይደለም።

«ምን ይሠራል?» አልኩ።

«ኢንጂነር ነው። ዴንቨር ጆብ አግኝቷል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይሆንና ሙቭ እናደርጋለን።»

«ዴንቨር።»

«በፕሌን ሁለት ሰዓት ነው፣ ዳድ።»

«ሁለት ሰዓት» አልኩ።

መጋረጃው ላይ ጥንዚዛ ስላየሁ ተነሳሁ። ስመለስ ጫማዋን እያደረገች ነበር። ሽማግሌ እንደሚልኩ ነገረችኝ። «ለአንተ ብለን ነው» አለች። ወግ ለአንድ ሰው ተብሎ አይደረግም፤ ወግ ስለሆነ ይደረጋል። ይህንኑ ነገርኳት።

«ኦኬ» አለች።

ጥቅምት 15

መሰላል ላይ ዋልኩ። የጣሪያውን ጠርዝ ዙሪያውን ደፈንኩ። ማሚት ከታች ሆና «ውረድ» ትላለች። ነርስ ናት፤ ሰው ሁሉ ሲወድቅ ነው የሚታያት።

ጥቅምት 22

ብርድ ገባ። ግድግዳው ንጹሕ ነው። ተሳክቷል።

ጥቅምት 29

አልተሳካም። ማሞቂያውን እንደከፈትን ከሳሎኑ መብራት ዙሪያ ብቅ ብቅ አሉ። ለካ እኔ ስደፍን እነሱ ገብተው ነበር። ማሚት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ወደ ላይ አየች።

«ዘጋህባቸው እኮ» አለች።

ኅዳር 4

የተረዳሁት፦ መጨፍለቅ አይገባም። ሲጨፈለቁ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ይሸታል፤ ጨርቅ ከነካ አይለቅም። በቫክዩም፣ በአቧራ መሳቢያው ማሽን፣ መሳብ ነው። ቫክዩሙ ራሱ እንዳይሸት ደግሞ ቱቦው አፍ ላይ የሴት ስቶኪንግ ይገባና እዚያ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ውጭ ማራገፍ ነው፤ የቀረውን ብርዱ ይሠራዋል።

ማሚት ስቶኪንጓን ቱቦው ውስጥ አየችው።

«ሌላ ባል ቢሆን ይህን ከየት አመጣኸው እለው ነበር» አለች።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ካፖርት መስቀያው ጋ ፍቅሬን ሰማሁት። ፍቅሬ የቆየ ጓደኛዬ ነው። ለአንዱ ስሜን ጠርቶ እንዲህ ይለዋል፦ «አሳምነው ቤት ለሽምግልና ከመሄድ ለኦዲት መቅረብ ይቀላል።»

ኦዲት የሚፈራ ሰው የሚያስፈራው ነገር ያለው ሰው ነው። ሰላም ሳልለው ወጣሁ።

ማታ ማሚት ጨመረችልኝ። የወንዱ ወገን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኛን የሚያውቅ እንዲሆን ፈልገው ፍቅሬን ይዘዋል። የገዛ ጓደኛዬን። ጾም ሳይገባ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ኅዳር 12

ዘዴ አገኘሁ። ጥንዚዛ የምትነሳው ሲሞቃት ነው። ማሞቂያውን በፋራናይት ሃምሳ አምስት ላይ አወረድኩት። ማሚት ካፖርት ለብሳ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንዲትም አልታየችም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄዱ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሦስት ናቸው፦ ጋሽ ጉዲሳ የሚባሉ ነጭ ጋቢ የደረቡ ትልቅ ሰው፣ ፍቅሬ፣ እና አንድ ስማቸውን ያልያዝኩት ዝምተኛ። ቁጭ በሉ ስንላቸው በወጉ መሠረት እምቢ አሉ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ጋሽ ጉዲሳ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«ከውጭው እዚህ ይብሳል» አለ ፍቅሬ። «ሬሳ አለ እንዴ?»

ጋሽ ጉዲሳ መረቁ፤ ከዚያ ከአባቶቻቸው ጀምረው ንግግራቸውን ያዙ። ችግሩ፣ ማሚት ከጠዋት ጀምሮ ድስት ጥዳ ነበር፤ አምስት ሰው ደግሞ ራሱ ሙቀት ነው። ቤት የሚቆመው በሁለት ወገን ግድግዳ መሆኑን ሲያስረዱን አንዲት ጥንዚዛ ከመብራቱ ወርዳ ትከሻቸው ላይ አረፈች። ዝም አልኩ። ሁለተኛዋ መጣች። ዝም አልኩ። ሦስተኛዋ በአንገታቸው በኩል ወደ ውስጥ መንገድ ጀመረች። ብትጨፈለቅ ነጭ ጋቢ ላይ ቢጫ ይቀራል። የሰው እንግዳ፣ የሰው ጋቢ። ሌላ ያሰበበት ስላልነበረ እኔ ተነሳሁ።

«ይቅርታ ጋሽ ጉዲሳ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኩና ቫክዩሙን አስነሳሁት።

ሁለቱን በትክክል ወሰድኩ። ሦስተኛዋን ስከተል የጋቢው ጫፍ ቱቦው ውስጥ ገባ። ጋሽ ጉዲሳ ጋቢውን ወደ ራሳቸው ጎተቱ፤ እኔ ቱቦውን ወደ ራሴ። ፍቅሬ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ጋቢው ሲወጣ የማሚት ስቶኪንግ አብሮ ወጣ።

«ይቀጥሉ» አልኳቸው።

«ጨርሻለሁ» አሉ።

ከዚያ ተራው የእኔ ነበር። የተባለውን ሰምተናል፣ ዘመድ አዝማድ እናማክርና በሁለት ሳምንት ምላሽ እንሰጣለን አልኩ። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን ያራከሰ ይመስላል። አንድ ቃል አላጎደልኩም። አልተቀመጡም፣ እህል አልቀመሱም፤ ምላሽ ሳያገኙ አለመቅመስ ራሱ ወግ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ በሥርዓቱ ሄዷል ብዬ አምናለሁ። ማሚት ዶሮውን ፍሪዘር ውስጥ እየከተተች ነው። አታናግረኝም።

ኅዳር 14

ኢየሩሳሌም ደወለች።

«ዳድ፣ ዲድ ዩ ቫክዩም ሂም?»

«ጋቢውን ነው።»

«ማንን ነው የምታማክረው? እዚህ ዘመድ የለንም እኮ።»

«ዘመድ ማማከር ማለት ጊዜ መውሰድ ማለት ነው።»

«ሶ ኢዝ ኢት ኖ?»

«አይደለም።»

«የስ ነው?»

«የሁለት ሳምንት ነው» አልኳት።

ዘጋችው። እዚህ አሳድገናት በእሺና በእምቢ መካከል ያለውን ቦታ አላሳየናትም። ይህ የማሚት ጥፋት ብቻ አይደለም።

ኅዳር 18

ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል። ኢየሩሳሌም አልመጣችም። ጾም ስለሆነ የበዓሉን ሥጋ፣ ቱርኪውን፣ አንበላም፤ ስለዚህ የጎደለ ነገር የለም። ማሚት ሦስት ሳህን አቀረበች። አንዱን መለስኩት። ቆይታ እንደገና አወጣችው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ቀጠሮው ዛሬ ነበር። ማሞቂያውን ሰባ ላይ አደረግሁ። ቫክዩሙን ጋራዥ አስገባሁ። ሙሉ ልብስ ለብሼ ሳሎን ተቀመጥኩ። የምናገረው ተዘጋጅቷል፤ አጭር ነው። ጥንዚዛዎቹ ወርደው መስኮቱ ላይ ዋሉ። አልነካኋቸውም።

ማንም አልመጣም።

ኅዳር 28

ፍቅሬን ደውዬ አገኘሁት።

«ቀጠሮ የተሰጠው ሰው ይመጣል» አልኩት።

«ማን ይምጣልህ? ጋሽ ጉዲሳ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ስንት ደም አድርቀዋል፤ እስካሁን በቫክዩም የጠረጋቸው የለም።»

«ጥንዚዛ ነበረባቸው።»

«አሳምነው ይሙት፣ እሳቸው ስቀው ትተውት ነበር። አትሂዱ ያለችው ልጅህ ናት። ሰዎቼን ሁለተኛ አላዋርድም አለች። የካቲት ላይ ኮርት ሀውስ ይፈራረሙና ይሄዳሉ።»

«ከፋሲካ በኋላ ነበር የተባለው።»

«ከፋሲካ በኋላ የተባለው ለሰርግ ነው። ሰርግ የለም።»

ሰዎቼን ብላለች። ሰዎቿ እነሱ ናቸው።

ታኅሣሥ 9

ሥራ ቦታ አንድ ሙሉ ካርቶን ቱቦ ጣልኩ። ኤሊ የሚባለው አለቃዬ መጣ።

«ይህ ሁሉ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉድለት አለበት።»

«የቱ ጋ?»

አሳየሁት። ማጉያው ሥር አድርጎ ብዙ አየ። አይታየኝም አለ። እሱ ከሄደ በኋላ እኔም አየሁት፤ ጉድለት የለበትም። መልሼ አስገባሁት።

ታኅሣሥ 17

ማሚት ወጥ ቤት ሆና በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ሥራ ነበረኝ።

«ጠልቶሽ አይደለም፣ የኔ እናት ... ማታ ማታ ክፍልሽ ነው የሚያመሸው። ጥንዚዛ እየለቀምኩ ነው ይለኛል። እኔ እዚያ አንድም አይቼ አላውቅም።»

ክፍሉ በሰሜን በኩል ስለሆነ ጥቂት ናቸው። ጥቂት ናቸው ማለት የሉም ማለት አይደለም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ከሰዓት በኋላ ኢየሩሳሌም ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ዮሚፍ ደጅ መኪና ውስጥ ቀረ። ማሚት፣ «ሂድና ግባ በለው» አለችኝ። ሄድኩ። መስታወቱን አወረደ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንኳን አደረሰዎት» አለ። ሲለማመደው የሰነበተ ይመስላል። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው።

«ጎማህ አየር ያንሰዋል» አልኩት።

«እሺ ጋሼ።»

ተመለስኩ።

«ምን አልከው?» አለች ማሚት።

«ስለ መኪናው አወራን።»

ካርቶኖቹን እኔ አወረድኩ። መጻሕፍት፣ ቦት ጫማ፣ የመኝታ ቤቷ መብራት። መብራቱን ለምን እንደምትወስደው አልጠየቅሁም፤ ዴንቨርም መብራት ይሸጣል። ክፍሉ ውስጥ አልጋውና ፍራሹ ብቻ ቀረ።

«ታንክ ዩ፣ ዳድ» አለች፣ ዕቃ ላደረሰ ሰው እንደሚባለው።

ከሄዱ በኋላ ክፍሉን በሙሉ አየሁት። ማሚት ትክክል ናት። አንድም የለም።

ጥር 2

ማሚትን ጠየቅኋት። «የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲልክ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ በስመአብ። ልጄን ውሰዱልኝ ብሎ?»

«አልልክም» አልኩ። «ራሴ እሄዳለሁ።»

«እሱማ ይብሳል።»

ቆይታ ግን ሰማያዊ ሸሚዜን ተኩሳ ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ አገኘሁት።

ጥር 3፣ እሁድ

ሻኮፒ ሄድኩ። መንገዱ በበረዶ መስታወት ሆኖ ነበር። በር የከፈተችልኝ ወይዘሮ ሲፋን ናት። ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ከኋላዬ አየች።

«የጄሪ አባት ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

አቶ መርጋ ከረጅም መንገድ ገና መግባቱ ነው፤ በካልሲ ወጣ። ግዙፍ ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሰላምታው አለቀና ተቀመጥን።

«እኔ የወንድ አባት ነኝ» አለ አቶ መርጋ። «የምለምነው እኔ ነኝ። ላክሁ፣ የሆነው ሆነ። አንተ የሴት አባት ነህ። የሴት አባት ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። ምን ልትል መጣህ?»

መኪና ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ የጥንዚዛን ጠባይ ከሥሩ የሚያስረዳ። ተውኩት።

«ልጃችሁ ልጄን እንዲያገባት ልለምን ነው የመጣሁት» አልኩ።

ወይዘሮ ሲፋን እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቶ መርጋ አገጩን አሻሸ።

«ልጁን ጠልተኸው ነበር?»

«አይደለም።»

«እኛን?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዴንቨር ሩቅ ነው» አልኩ።

አቶ መርጋ በጭነት መኪናው ዴንቨርን ይመላለስበታል። ቅርብ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወለሉን ብዙ አየ።

«ሩቅ ነው» አለ።

«እኔ ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?» አለችው ወይዘሮ ሲፋን። በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገራት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

«ምሳ አቅርቢ ነው ያለኝ» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ለ«ምሳ አቅርቢ» ረጅም ነው።

ከዚያ ለጋሽ ጉዲሳ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ለእኔ ሲል በአማርኛ አወራ።

«ያ የቫክዩሙ ሰውዬ እኔ ቤት ነው።»

«ይዞት መጥቷል?»

«አልያዘም።»

«እንግዲያው አናግረዋለሁ።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጋቢው ታጥቦ ከድሮው ነጥቷል አሉ። ሦስተኛዋ የት እንደደረሰች ጠየቅሁ።

«ሸሚዜ ውስጥ ነበረች» አሉ። «ቤቴ ድረስ ሸኝቻታለሁ።»

አቶ መርጋ ልጆቹን እኔ አናግራቸዋለሁ አለ። ምሳው ላይ ስለ ጎማ አወራን። ያ ልጅ አየር አስሞልቷል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ

መጡ። ቆሙ። ጋሽ ጉዲሳ እንደገና ከአባቶቻቸው ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ቤቱ ሞቃት ስለሆነ ጥንዚዛዎቹ ወረዱ። አንዷ የፍቅሬ መላጣ ላይ ተመቻችታ ዋለች። ማንም አልነገረውም።

«እንግዲህ ዘመድ አማክረሃል?» አሉ ጋሽ ጉዲሳ።

«አማክሬአለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ሩቅ ነው አሉ» አልኩ። «ግን ስጥ አሉ።»

ሰጠሁ። ተቀመጡ፣ በሉ። ኢየሩሳሌም ተጠርታ ከፎቅ ወረደች፤ ሽማግሌዎቹን ሳመች፤ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ወደሚለው ተመልሷል።

«ሻኮፒ ሄድክ አሉ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ።»

«እሁድ ቀን?»

«እሁድ መንገዱ ባዶ ነው።»

እጄን ያዘች። እጇ በልጅነቷም ይበርድ ነበር። ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ አልለቀቀችኝም፤ በግራ እጄ ነው የበላሁት። እንግዳ ፊት እንዲህ አይበላም።

ጥር 17

የሚገቡበትን ቤት ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ፊት ለፊቱ ደህና ነው።

«ጣሪያው መቼ ነው የተቀየረው?» አልኳት።

«አይ ዶንት ኖው፣ ዳድ። ኪራይ ነው።»

«ኪራይ ቤት ጣሪያ የለውም?»

ሳቀች። ዴንቨር እንቁላል የሚያክል በረዶ እንደሚጥል አንብቤአለሁ። ቤቱን ያከራየው ሰው ስለዚህ ጉዳይ የሚነግራቸው አይመስለኝም። ዮሚፍ ኢንጂነር ነው፣ ግን የኮምፒውተር ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ

ኤሊ ዘንድ ገብቼ ለሚያዝያ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ። እስካሁን ጠይቄው ስለማላውቅ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ዴንቨር? ለዕረፍት ነው?»

«ለጣሪያ ነው» አልኩት።